አድሚራል የህያ ቁልፏን አይነኩም

በየሰፈሩ ሊፍት ቆሞለት በደረጃ የሚወጣ አንድ ግትር አይጠፋም። የኛ የቡራዩው ክቡር አድሚራል የህያ ይባላሉ። ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ግን የቧንቧ ዕቃ በሚሸጡበት ሱቅ፣ ባንኮኒው ላይ በተቀመጠች ላፕቶፕ፣ በኮምፒውተር ጨዋታ፣ ሰርጓጅ መርከብ ያዛሉ። አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃው፤ እኩያዬ ነው።

ጨዋታው እኮ ቀላል ነው። አንዲት ቁልፍ አለች፤ ከተጫኗት ኮምፒውተሩ ራሱ አስልቶ ያነጣጥራል፣ የውሃ ውስጥ ሚሳይሏ ቶርፔዶ የጠላትን መርከብ ትመታለች፣ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። የህያ ግን ያችን ቁልፍ እንደ ሐራም ነው የሚያያት። "አውቶማቲክ ከመታ እኔ ምን ሠራሁ?" ይላል። ርቀቱን በጠላት መርከብ ምሰሶ ቁመት፣ ፍጥነቱን በሰዓት፣ አቅጣጫውን በዓይኑ ለክቶ በራሱ ያነጣጥራል። ከዚያ ይስታል።

ልምምዱ ደግሞ አምቦ መንገድ ላይ ነው። የአይሱዙው አፍንጫ ከመብራት እንጨቱ ሲደርስ ሰዓት ያስነሳል፣ ጭራው ሲያልፍ ያቆማል፣ ፍጥነቱን አስልቶ ለሰፈሩ ያውጃል። አንድ ቀን ኦቦ ዲሪርሳ ቧንቧ ሊገዙ ቢመጡ፣ "ኦቦ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ መርከብ እየመጣብኝ ነው" አላቸው። ሽማግሌው ዞር ብለው መንገዱን አዩ።

"ኧረ የኔ ልጅ፣ ቡራዩ ላይ መርከብ ከየት መጣ?"

ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ራቢአ ምሳ ይዛ ስትመጣ ትዕግሥቷ አለቀ። "ስማ የህያ! ይሄኛው ከሳተ ቁልፏን ትጫናለህ። ሁለተኛ በእጅ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!"

"ቃሌ ነው!" አለ ደረቱን ነፍቶ። የቀሩት ቶርፔዶዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ዕድሜ ልኬን ስስቅበት የኖርኩት እኔ ከጎኑ ቆሜ ላፕቶፑ ላይ አፈጠጥኩ።

ተኮሰ። ቶርፔዶዋ በመርከቡ አፍንጫ በኩል ለጥቂት ሾልካ አለፈች።

"ውይ! ከውሃው ነበር የሚለካው!" ብሎ ራሱን ያዘ። "ምሰሶውን እንደ ቤት ከወለሉ ለካሁት!" ግን ቃል ቃል ነው፤ ፊቱ ጠቁሮ ጣቱን ወደ ቁልፏ ሰደደ።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጁን ቀጨም አድርጌ ያዝኩት።

"እንዳትነካት!" ብዬ ጮህኩ። "ሌላው ሁሉ በአውቶማቲክ ይምታ! አንተ በገዛ እጅህ ሳት!" እወደዋለሁ ይሄን ግትር፣ ምን ላድርግ!

ራቢአ እሱንና እኔን አፈራርቃ አየችን።

"ያ ረቢ! አንዱ አንሶኝ ሁለት ሆኑብኝ?" አለችና ምሳውን ለሦስት ከፈለችው።