ከግዢ በፊት የተሰጠ ምራቂ

ጎበዝ፣ ዛሬ የአራተኛ ክፍል ልጆች ፈረዱብኝ! ነቀምቴ ገበያ በርበሬ ስቸረችር የኖርኩትን ሰውዬ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄ የሃዊ ክፍል ሕግ ማውጣት እየተማረ ነው። እሷ ያረቀቀችው፦ መስኮት ስር ያለው ዴስክ በየሳምንቱ በተራ ይሁን። እስካሁን የሚይዘው ቀድሞ የደረሰ ነው፤ የእኛ ቤት ደግሞ ሩቅ ነው።

ሰሞኑን ንግግሯን ስትለማመድ ሰነበተች። የበርበሬው ጆንያ ሳይቀር በቃሉ ሸምድዶታል።

ዛሬ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ወላጅ በታዛቢነት ተጠራ። ታዛቢ ማለት ዝም ብሎ የሚያይ ነው አሉ።

ነጋዴ ዝም ብሎ አይቶ ያውቃል?

ኪሴን ከረሜላ ሞልቼ ሄድኩ። መምህሯ ወደ ሰሌዳው ዞር ስትል ከኋላ ጀምሬ አደልኩ። "ምራቂ ነው፤ ለሃዊ እጅ አውጡ" እያልኩ፣ በሹክሹክታ።

እጁ ወጣላችሁ! ደረቴን ነፋሁ።

ያኔ አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ብድግ። እናቷ ከሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ገበያ ውስጥ ያደገች ናት።

"ኦቦ፣ ምራቂ እኮ የሚሰጠው ከተገዛ በኋላ ነው። እኛ ገና መቼ ገዛን?"

መምህሯ ቀስ ብላ ዞረች። "ልጆች፣ ከመገዛቱ በፊት ከሆነስ ምን ይባላል?"

"ጉቦ!" አሉ ግማሾቹ። "መተኣ!" አሉ የቀሩት በኦሮምኛ።

በሁለት ቋንቋ ተዋረድኩ።

ድምፁ ተሰረዘ። እዚያው አዲስ ሕግ ቀረበ፦ ድምፅ ሳይሰጥ ከረሜላ ክልክል ነው። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ማን መሰላችሁ?

ልጄ!

"ይቀጣ!" አለ አንዱ ከኋላ። የእኔኑ ከረሜላ እያላመጠ!

ሃዊ ተነሳች። "ሲሰጥ ሕጉ አልነበረም። አይቀጣም። ግን ከረሜላውን ይሰብስብ።"

ከዴስክ ዴስክ እየዞርኩ ሰበሰብኩ። ያ "ይቀጣ" ባዩ አፉን ከፍቶ አሳየኝ። ቀልጧል።

ከዚያ ድምፁ እንደገና ተሰጠ። የሃዊ ሕግ አለፈ። እነዚያው እጆች፣ ያለ ከረሜላ!

ወደ ቤት ስንመለስ ላስቃት ሞከርኩ። ሃዊ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

"አባባ፣ ከረሜላ ያደልከው ትሸነፋለች ብለህ ነው?"

በርበሬዬን ሲጠራጠሩ የምምለው መሐላ ብዙ ነው። ለዚህ የሚሆን አላገኘሁም።

ከኪሴ አንድ ከረሜላ አውጥቼ ዘረጋሁላት። አየችው። "አሁን ይቻላል፤ ምርጫው አልቋል" ብላ ተቀበለችኝ። እጇን ግን አልሰበሰበችም።

"ምራቂስ?"

እስቲ ፍረዱኝ፤ የገዛ ልጁን ያላመነ ሰው በምን አፉ ነው ገበያተኛውን "እመነኝ" የሚለው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ከረሜላ የለም!