ጋሽ ኃይለመስቀል ሁለቱን የኤሌክትሪክ መኪኖች መዝነው አይ ሐዋን ድሬዳዋ ያወረዱበት ታሪክ

ጋሽ ኃይለመስቀል ከመኪና አስተማሪነት ጡረታ በወጡ በስድስተኛው ዓመት፣ ይኸውም በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ወርኀ የካቲት በባተ በስምንተኛው ቀን፣ ፀሐይ በጀጎል ግንብ ላይ በወጣች ጊዜ የሆነውን እንጽፋለን። ያየነውን እንጂ የሰማነውን አንጽፍም፤ የሰማነውን ብንጽፍም ካየ ሰው ሰምተን ነው።

በዚያም ወራት በጀጎል ውስጥ ዓቢይ ጠብ ሆነ። የጠቡም ነገር እንዲህ ነው። የከተማው ሰው በእናት ወግ «አይ ሐዋ» እያለ የሚያከብራቸው፣ በስፌት ሥራ እጃቸው የተመሰገነ እመቤት ዳሌያቸውን ታክመው ነበር። ለምርመራ ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ በደንገጎ ኩርባ ላይ ፍሬኑ እንቢ ብሎ፣ የአፈር ቁልል ላይ ወጥቶ ቆመ። ማንም አልተጎዳም፤ ነገር ግን አይ ሐዋ ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ አስነገሩ፦

«ወላሂ፣ ሁለተኛ መኪና ላይ አልወጣም! ሐኪሙ ከፈለገኝ ይምጣ!»

ሐኪሙም አልመጣም። ይልቁንም ሰኞ ቀርበው ካልታዩ እግራቸው እንደ ደረቀ ሊቀር እንደሚችል በስልክ አስታወቀ።

ወእምዝ ልጃቸው አሽረፍ በጥቁሩ፣ የወንድማቸው ልጅ ዐብዱልሐሚድም በነጩ መኪናው ተነሣ። ሁለቱም በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱ፣ ድምፅ የሌላቸው፣ ዋጋቸው የማይጠራ ቅንጡ መኪኖች ነበሩና፣ «ከአደጋ የሚጠብቀው የኔ ነው» «የለም፣ የኔ ነው» በመባባል ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ሰላምታ ተነፋፈጉ። አይ ሐዋም ሁለተኛውን ዐዋጅ አስነገሩ፦

«አቦ፣ ራሴን አታዙሩት! ኃይለመስቀል ይፍረድ። የፍሬንን ነገር የሚያውቅ እሱ ነው። እሱ ያመነው ላይ እወጣለሁ።»

ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ ያጸኑ፣ ዳገት ላይ ሞተር ያጠፋውን ሁሉ የታገሡ፣ ይህን በሰሙ ጊዜ ከቅዳሴ መልስ ካፖርታቸውን ደርበው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ዘመቱ። ተከትለዋቸው የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ከነጃንጥላቸው፤ ጎሚስታው በቀለ ከነጎማ መለኪያው፤ ባጃጃቸውን አቁመው የመጡ ሰባት ሹፌሮች፤ ሥራ ያላቸው ጥቂቶች፣ ሥራ የሌላቸው እጅግ ብዙዎች።

ፊተኛው ውጊያ የኤርባግ ነበር። አሽረፍ ዐሥር አለኝ አለ፤ ዐብዱልሐሚድ ዘጠኝ አለኝ፣ ነገር ግን አንዱ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ይወጣል አለ። በቀለም ወደ ፊት ወጥቶ «ነፋስ ከሆነ በኔ በኩል ያልፋል፤ በስንት ነው የሚነፋው?» ሲል ጠየቀ። መኪናው ካልተጋጨ ኤርባጉ አይታይምና፣ ከሁለቱ ባለመኪኖች የሚጋጭ ፈቃደኛ ታጣ። ጋሽ ኃይለመስቀልም «ታምኖ ይለፍ» ብለው ፈረዱ።

ሁለተኛው ውጊያ በራሱ የሚይዘው ፍሬን ነበር። ገለባ የተሞላ ጆንያ ኮት አልብሰው በኤረር በር መንገድ መካከል አቆሙት። ነጩ መኪና መጣ፤ ማንም ሳይነካው ከጆንያው ፊት ሁለት ክንድ ሲቀረው ቀጥ አለ። ሕዝቡም እልል አለ። ጥቁሩም በተራው መጥቶ ገና ጆንያው ዘንድ ሳይደርስ አንዲት ፍየል ገባችበትና እርሱም ቀጥ አለ። ፍየሊቱ ግን አልሄደችም። ከፊቱ ተኛች፤ መኪናው ጮኸ፤ እርስዋ አመሰኳች። ከተማውም በጠላት እንደ ተከበበ ሩብ ሰዓት ያህል በፍየሊቱ ተከበበ፤ በመጨረሻ ወይዘሮ ጽጌ በጃንጥላቸው ድል አደረጓት።

ሦስተኛው ውጊያ መስመር የመጠበቅ ጥበብ ነበር። ሁለቱም መኪኖች በጀጎል ጠባብ መንገድ ነጩን መስመር ፈለጉ፤ መስመር በዚያ ተቀብቶ አያውቅምና ሁለቱም አፈሩ።

ሚዛኑም እኩል በሆነ ጊዜ ጎረምሶቹ ትዕግሥት አጡ። ዐብዱልሐሚድ «በአራት ሰከንድ መቶ ይገባል!» ብሎ በረረ፤ አሽረፍም «የኔ በሦስት ተኩል!» ብሎ ተከተለው። ቲማቲም ሻጮች ተበተኑ። ጋሽ ኃይለመስቀል ፊታቸው ጠቆረ፤ ሁለቱንም አስጠርተው፣ በአደባባይ ይህን ዐዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙ! እናታችሁ ድሬዳዋ በስንት ሰከንድ ልድረስ አለቻችሁ? መኪኖቹ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ የምታስፈሩት እናንተ ናችሁ። የነጩ በር ደፍ ዝቅ ስለሚል ዳሌዋን ሳታጥፍ ትገባለች፤ በነጩ እንሄዳለን። የምነዳው እኔ ነኝ። እናንተ ከኋላ፣ ቀበቶ አስራችሁ፣ ዝም ብላችሁ!»

አሽረፍ ሊከራከር ሲል ዐብዱልሐሚድ የነጩን ቁልፍ ለጋሽ ኃይለመስቀል አስረከበ።

በማግሥቱም፣ ሰኞ ማለዳ፣ አይ ሐዋ ወደ ፊት ወንበር ገቡ፤ ጋሽ ኃይለመስቀልም ቀበቶውን ራሳቸው አሰሩላቸው። ደንገጎ በደረሱ ጊዜ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይወርዱ ነበር። የጭነት መኪና ጡሩምባ እየነፋ አለፋቸው፤ አውቶቡስ አለፋቸው፤ ሣር የጫነ አይሱዙም አለፋቸው። ጋሽ ኃይለመስቀል መንገዱን ለማየት ዐይናቸውን ባጠበቡ ቁጥር መኪናው ሹፌሩ እንዳንቀላፋ ቆጥሮ ተንጫጫ፤ አሽረፍም ከኋላ እየፈራ «ጋሼ፣ እረፉ ይልዎታል» ብሎ ተረጐመ። እርሳቸውም «ዐይኔ የተፈጠረው እንዲህ ነው በለው!» ሲሉ አወጁ።

ሚኒባሱ የቆመበትን ኩርባ ሲዞሩ አይ ሐዋ ዐይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ጀመሩ። ኩርባው አለፈ፤ ሌላው መጣ፤ እርሱም አለፈ። ዱዓው እየቀነሰ ሄደ፤ ቀጥሎም ማንኮራፋት ተሰማ። ሁለቱ የአጎትና የአክስት ልጆች ከጠባቸው ወዲህ ገና አሁን ተያይተው ሳቁ፤ አይ ሐዋ እንዳይነቁ ብለው ግን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

በሐኪም ቤቱ በር ላይ አይ ሐዋ በከዘራቸው ቆመው ፀሐይዋ ከፍ ማለቷን አዩ፤ እንዲህም ሲሉ የመጨረሻውን ዐዋጅ አስነገሩ፦

«ደረስን እንዴ? ኃይለመስቀል፣ አላህ ዕድሜ ይስጥህ፤ ስንመለስ ግን ትንሽ ፈጠን በል።»

ክብርና ምስጋና ለጋሽ ኃይለመስቀል ይሁን፤ ፍየል ለከበባት ከተማ ፈራጅ፣ ለቸኮሉ ልጓም፣ ለፈሩ ቀበቶ፤ አይሱዙ ሲያልፋቸው ያላፈሩ፣ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ደንገጎን የረቱ! ስማቸው በፈረስ መጋላ ሲነገር ይኑር፤ ባጃጆችም ሲያገኟቸው መንገድ ይልቀቁ።