ኮች ደጉ ያልተሸነፈበት ዘመን

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። ከዋሸሁ የሱቄ መብራት ይጥፋ! እርግጥ ጆሃንስበርግ ውስጥ መብራት እውነት ለሚናገረውም ይጠፋል፤ ቢሆንም መሐላ መሐላ ነው።

እዚሁ ከተማ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የብርድ ልብስ ማከፋፈያ በላይ፣ አንድ ከፍተኛ ኮሌጅ አለ። ከፍተኛነቱን ለማወቅ ደረጃውን መውጣት ይበቃል። ተማሪዎቹ እኛ ባለሱቆቹ ነን፤ ዲናችን ደግሞ ዶክተር ምሕረቱ ናቸው። ዶክተርነታቸው የምን እንደሆነ የጠየቀ አንድ ተማሪ ነበር፤ እስካሁን አልተመረቀም።

ኮሮና ሊገባ ሰሞን ዶክተር ስብሰባ ጠርተው፣ «ስፖርት የሌለው ኮሌጅ ሱቅ ነው!» አሉ። ባለሱቆች በሙሉ አጨበጨብን። በዚያው ዕለት ከመካከላችን ደጉ የተባለው የኮሌጁ የመጀመሪያው የእግር ኳስና የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ሆኖ ተሾመ። ልምዱ የሚናቅ አልነበረም፤ ሆሳዕና ሳለ የአንድ ቡድን ማሊያ ያጥብ ነበር። ሁለቱ ስፖርት ለአንድ ሰው የተሰጠው ኮሌጁ ያለው ኳስ አንድ ስለሆነ ነው።

«በእግር ሲመታ እግር ኳስ፣ በእጅ ሲያዝ ቅርጫት ኳስ» አሉ ዶክተር። «ይህ የተቀናጀ የሀብት አጠቃቀም ይባላል።»

ደጉ ሹመቱን በእንባ ተቀበለ። ከከተማው ዳር፣ ዲፕስሉት ሰፈር ያለው ሱቁ ተደጋግሞ ተዘርፏል። ለመጨረሻ ጊዜ ማጅራቱ ላይ ሽጉጥ ካረፈ ወዲህ፣ ፍሪጁ ድምፅ ባሰማ ቁጥር እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ኮሌጁ ግን ደሞዝም መኝታም ሰጠው።

«አንድ ነገር እወቅ» አሉት ዶክተር። «የመጀመሪያ ግጥሚያህን ከተሸነፍክ፣ ቀጥታ ወደ ዲፕስሉት!»

ሹመቱ ሳይቀዘቅዝ መንግሥት አገሩን ዘጋ፤ ስፖርት ተከለከለ። የደጉ ወርቃማ ዘመን የተጀመረው ያኔ ነው። ሰኞ አልተሸነፈም። ማክሰኞ አልተሸነፈም። ወሩ ሲያልቅ ዶክተር «ሽንፈት የማያውቀው አሰልጣኝ» የሚል ሰርተፊኬት ሰጡት። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ የአውሮፓ አሰልጣኞች ሳይቀሩ ከመዘጋቱ በፊት አንዳንዴ ይሸነፉ እንደነበር አስታውሰው፣ በማዕረግ ከእነሱ በላይ አደረጉት።

ልምምዱ በዋትሳፕ ነበር። እኛ ዳቦ እንድንሸጥ ስለተፈቀደልን በየሱቃችን ቆመን የኮችን ድምፅ እናዳምጣለን።

«ሩጡ! በሩዙና በዘይቱ መሃል! ጉልበት ወደ ላይ!»

በረኛችን ሻፊ ቮስሎሩስ ሰፈር ካለው ሱቁ፣ ደንበኛዋን በዙሉኛ ሰላም እያለ ይመልሳል፦ «ኮች፣ ደንበኛ መጣች። ሳውቦና ማማ! ጉልበቴን ላውርደው?»

«እንዳታወርደው! ዳቦውን በአንድ እግር ሽጥ!»

ኮች ወንድማዊ ፍቅር ስለነበረው መልእክቱን ሁሉ ስለ ዘራፊዎች በአንድ ምክር ይዘጋ ነበር፦ «በመጨረሻም ወንድሞቼ፣ ከመጡባችሁ አትከራከሩ። የያዛችሁትን ስጡ፤ እጅ ወደ ላይ፣ መሬት ላይ ተኙ። ነፍስ ይበልጣል።» መልእክቱ ረጅም ስለሆነ አብዛኞቻችን መጨረሻውን ብቻ ነበር የምናዳምጠው።

ክልከላው ሲላላ ከቮስሎሩስ ወጣቶች ጋር ግጥሚያ ተያዘ። ያን ዕለት ጠዋት ደጉ ቁርስ አልበላም። «ዲፕስሉት አትመልሱኝ፣ አደራ!» ብሎ አንድ በአንድ አቀፈን። እኔ ተቀያሪ ስለነበርኩ እኔን ግማሽ አቀፈኝ።

እንግዶቹ ደረሱ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጤና ይቅደም ብለው ሁሉም ጥቁር ማስክ አድርገዋል። ዶክተር ምሕረቱ በሜዳው ዳር እንደ ሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊሽካ ተነፋ። ማስክ ያደረጉት ልጆች እየጮኹ ወደ እኛ መጡ።

ተከላካያችን ኳሱን በሁለት እጁ አንስቶ አስረከበ። «ፕላስቲክ ከረጢት ይጨመር?» ብሎም ጠየቀ። ከዚያ ተኛ። የቀሩትም ተከትለው ተኙ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» ጮኸ ደጉ።

«ያልከንን ነዋ ኮች!» የሚል መልስ ከሣሩ ውስጥ መጣ።

አጥቂያቸው ብቻውን ግቡ ፊት ደርሶ፣ ደንበኞቻችን ሁሉ እንደሚጠሩን «ማይ ፍሬንድ!» ብሎ ተጣራ። ሻፊ ደንበኛ አስቆሞ አያውቅም። «የስ፣ ማይ ፍሬንድ» ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ካፒቴናቸው የተኛውን ሕዝብ አይቶ «ኮሮና ይሆን እንዴ?» ብሎ ስለደነገጠ ጓደኞቹን ሁለት ሜትር አራቃቸው። በጠቅላላው ግጥሚያ በደንብ የተከላከልነው ያኔ ነው። ቀጥሎ በተደረገው ቅርጫት ኳስ ጨዋታው በእጅ ስለሆነ ርክክቡ ይበልጥ ተቀላጠፈ። ውጤቱን መግለጽ ለኮሌጁ ክብር አይመጥንም።

ደጉ ሻንጣውን ሊያዘጋጅ ሲነሳ ዶክተር ጠሩት።

«ተሸነፍን?»

«በሁለቱም፣ ዶክተር።»

«የተጎዳ አለ?»

«የለም።»

«ስልክ የተወሰደበት?»

«ኧረ የለም!»

«ሁላችንም በሰላም ቤታችን እንገባለን?»

«እንገባለን፣ ዶክተር።»

ዶክተር ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ታዲያ እዚህ ከተማ ውስጥ ከዚህ ሌላ ምን ድል አለ? የሽንፈት አልባነት ማዕረግህ ጸንቷል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የደህንነት ጥናት ክፍል ኃላፊ ነህ። ዲፕስሉት የሚባል ነገር እንዳልሰማ!»

ደጉ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ሻፊ ከኋላ ያዘው። «ተው ኮች፣ ዛሬ የወደቅነው ይበቃል!»

እንግዲህ የዲናችንን ርኅራኄ ታደንቁ ይሆናል፤ አድንቁ። እኔ ግን የማልሁት መሐላ አለብኝና፣ ከዚህ ሁሉ አንዷን ነገር ብቻ እንደፈጠርኩ ላምን፦ ዶክተር ምሕረቱ እንደ ምሰሶ ቆመው ነበር ያልኩት ውሸት ነው። ፊሽካው እንደተነፋ ከሁላችን ቀድመው የተኙት እሳቸው ናቸው። አፍንጫዬን ሣሩ ውስጥ ቀብሬ ከጎናቸው ስለነበርኩ ድምፃቸውን በደንብ ሰምቻለሁ፦

«ስልኩ በቀኝ ኪሴ ነው፤ ልጆቼ፣ የዶክተርነት ሰርተፊኬቴን ብቻ ተዉልኝ።»