ውይ ወገቤ፦ የጥንት ጭፈራ ከነትርጉሙ

ሐበሻ "አላውቅም" ከሚል ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ ቢነቅሉት ይመርጣል። አትቆጡኝ። መንገድ የጠየቃችሁትን ሰው አስታውሱ፤ የቦታውን ስም ሰምቶ ባያውቅም "ቀጥ ብላችሁ ሂዱና ታጠፉ" ብሎ ይሸኛችኋል እንጂ ባዶ እጃችሁን አይመልሳችሁም። እኔም ከዚሁ ሕዝብ የተገኘሁ ነኝና፣ ዋልተር "ከበሮ መምታት ትችላለህ?" ሲለኝ "ከልጅነቴ ጀምሮ" አልኩት። በልጅነቴ የመታሁት የጎረቤት በር ነው፤ እሱንም መትቼ ስሮጥ ነው።

ዋልተር የሳን ሆዜ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ሐሙስ ሐሙስ ኦክላንድ ስለሚልከው፣ እኔ በምሠራበት ፓርኪንግ መኪናውን ያቆማል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ቅዳሜ ግን ባሮን ነው። እንደ እሱ ያሉ ሁለት መቶ ሰዎች ዊክኤንድ በመጣ ቁጥር ከፋይ ለብሰው፣ ሰይፍ ታጥቀው፣ ከዛሬ አምስት መቶ ዓመት በፊት ይኖራሉ። ንግሥታቸው ሄይዋርድ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። እኛ ጥለነው በመጣነው አገር "ፊውዳል" የተባለ ሰው ቀበሌ ይጠራል፤ እነዚህ ፎርም ሞልተው ይሆኑታል።

እውነተኛ ሙዚቀኛ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የሚጨፍሩበትን የጥንት ሙዚቃ ካሴት ላይ የሚቀዳላቸው ዋልተር ነው። ችግሩ ዴም፣ በእኛ እመቤት፣ ማርጋሬት ናቸው። እኚህ የጭፈራ አስተማሪያቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ "በየትኛው መጽሐፍ ላይ አለ?" ሳይሉ ሰላምታ እንኳ የማይቀበሉ ሴትዮ ናቸው። ያለፈውን ካሴት ውድቅ ያደረጉት መሐሉ ላይ የዋልተር ስልክ ስለጮኸ ነው። "በዚያ ዘመን ስልክ አልነበረም" አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይሄኛውም ከወደቀ ሙዚቃው ከዋልተር ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። ከበሮ መቺው ደግሞ በሰይፍ ጨዋታ እጁ ተሰብሯል። ይህን ሲነግረኝ ባሮኑ እንባ አቅርሮ ነበር... እናንተስ ብትሆኑ "አልችልም" ትሉት ነበር?

እሑድ ጋራዡ ውስጥ ሪኮርድ ማድረግ ጀመርን። እሱ ሆዱ ያበጠ ክራር የሚመስል ነገር አቅፏል፤ ሁለት ጓደኞቹ ዋሽንት ይዘዋል።

"መጀመሪያ ባስ ዳንስ ነው" አለኝ።

"ከምኑ የባሰ?" አልኩ በአማርኛ።

ሲጀመር ገባኝ። ቀብር የሚሸኝ ሰው እንኳ ከዚያ ፈጠን ይላል። ሁለት እርምጃ፣ ዕረፍት፣ ሁለት እርምጃ፣ ዕረፍት... እሱን እንደምንም ተወጣሁት። ቀጥሎ በስድስት የሚቆጠር፣ ዝላይ ያለበት መጣ። እጄ ደግሞ ስድስት ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳላስበው ችክችካ ውስጥ ገባ። ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ። ዋሽንቶቹም ግራ ገብቷቸው ተከተሉኝ፤ የአንደኛው ትከሻ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ መነቃነቅ ጀመረ።

ዋልተር ቴፑን አቆመ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የቤተ መንግሥት ነው።"

"የየትኛው?"

"የጎንደር።"

"ስንተኛው ክፍለ ዘመን?"

"እናንተ የምትፈልጉት አካባቢ።"

ጥቂት አሰበ። እግሩ ግን ሳያስብ መሬቱን እየመታ ነበር። "እንደገና" አለኝ። ጨርሰን መቶ ካሴት አባዛ።

ለባለቤቴ ለአልማዝ ነገርኳት።

"አንተ? ከበሮ?"

"ቅዳሜ መጥተሽ እይ።"

"እመጣለሁ እንጂ። ሲያስሩህ ስንቅ የሚያመላልስ ሰው ያስፈልግሃል።"

ቅዳሜ ከሄይዋርድ ብዙ በማይርቀው ዳብሊን አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ካሴቱ ተከፈተ። ባስ ዳንሱ በሰላም አለፈ። የእኔው ሲደርስ ሁለት መቶ ሰው እግሩን አንስቶ የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው። ቀስ እያለ ትከሻ ተነቃነቀ። ጥሩር የለበሱት ደግሞ የትከሻቸው ብረት ሲጋጭ ጸናጽል በሉት። አላሜዳ ድረስ ተሰማ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ሄይዋርድ ግን ተሰምቷል።

ዴም ማርጋሬት በትራቸውን አነሱ። ቴፑ ቆመ። ዋልተር አመድ መሰለ።

"በየትኛው መጽሐፍ ላይ አለ?"

"ብራና ላይ ነው" አልኳቸው ቀድሜው። "ብራናው ግን እዚህ የለም።"

"እንግዲያው አጨፋፈሩን ያሳዩኝ። ካላሳዩኝ ካሴቱ በሙሉ ይጠፋል።"

"እግዜር ይሁንህ" አለች አልማዝ ከኋላዬ።

ስለ እስክስታዬ የምታውቁት ነገር የለምና ልንገራችሁ። በሠርጋችን ዕለት አማቴ "ልጁን ንብ ነድፎት ነው?" ብላ ጠይቃለች። ግን የዋልተርን ፊት አየሁና ገባሁበት። ትከሻዬ ግራ ሲል አንገቴ ቀኝ ይላል፤ ጉልበቴ የራሱን ሌላ ዘፈን ይሰማል። ዐሥራ ስድስተኛው ምት ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሁለት እጄን ወገቤ ላይ ጭኜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ "ውይ ወገቤ" አልኩና እዚያው ቀረሁ።

ዴም ማርጋሬት ማስታወሻቸው ላይ ረጅም ነገር ጻፉ።

"እውነተኛ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሰው ይሄን የሚያህል አስቀያሚ ነገር ከራሱ አይፈጥርም።"

ዋልተር ዘልሎ አቀፈኝ፤ ለወገቤ ሲባል ባያቅፈኝ ይሻል ነበር።

"የመጨረሻው ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው?" አሉኝ ዴም ማርጋሬት ብዕራቸውን እንደያዙ።

"ንግሥት ሆይ፣ ሺህ ዓመት ንገሺ" አልኳቸው፣ ቀና ማለት እያቃተኝ።

ይኸውላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዐሥራ ስድስተኛው ምት ላይ ሁለት መቶ ባላባት ወደ ንግሥቲቱ ይዞራል፤ ወገቡን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ ድምፅ "ውይ ወገቤ" ይላል። ንግሥቲቱም ዝም ብላ መቀበሉ ነውር መስሏት፣ ተገቢው መልስ ምን እንደሆነ አልማዝን ጠየቀቻት። አልማዝ ሳትስቅ አስተማረቻት። አሁን ዘውዷን አስተካክላ ትነሳና፣ እጇን ዘርግታ፣ "እኔን ይድፋኝ" ትላቸዋለች።