ደምሴን ያልመረጥንበት ምክንያት

ሰው ዕድሜው ሲገፋ አስቀድሞ የሚከዳው ጉልበቱ ነው ይባላል። እኔን ግን ቀድሞ የደከመኝ ጆሮዬ ነው። መስማት አላቃተውም፤ መስማት ሰለቸው እንጂ። ስንት መንገድ፣ ስንት ፋብሪካ፣ ስንት መብራት በአንዱ ገብቶ በሌላው እንደ ወጣ ብዘረዝርላችሁ የእናንተም ይደክማል። በጆሮዬ የተሠራው አገር በምድር ቢሠራ ኖሮ ዛሬ አባያ ሐይቅ ላይ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ባቡር በኖረን ነበር። ስለዚህ በምርጫ ሰሞን ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ እኛ ሰፈር ወደ ሴቻ ዳገቱን ሲወጣ ስሰማ መስኮቴን እዘጋለሁ። ሙቀቱ ይሻለኛል።

ደምሴ ቤቴ የመጣው እንዲህ መስኮት በዘጋሁበት ቀን ነው።

አብረን ያስተማርን ሰዎች ነን፤ እሱ ፊዚክስ፣ እኔ አማርኛ። ጡረታ ስንወጣ እኔ ቤቴ ገባሁ፣ እሱ ፓርቲ ገባ። ፓርቲው ትንሽ ነው። ምን ያህል ትንሽ? የዞኑ አባላት በሙሉ አንድ ሚኒባስ ላይ ቢሳፈሩ ረዳቱ ‹‹ሁለት ሰው የቀረው!›› እያለ መጣራቱን አይተውም። ስለ ኃይልና ስለ አካባቢ ልማት ያለው አቋም ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከቁመቱ ይበልጣል። የጻፈው ራሱ ደምሴ ነው። ዕጩ ሆኖ ሊወዳደር ነበርና አማርኛውን እንዳቃናለት ይዞት መጣ።

መብራት አስቀድሞ ሽቦው ለሚያልፍበት መንደር ይድረስ ይላል ጽሑፉ። ከጋሞ ደጋ የሚወርዱት ትንንሽ ወንዞች ትንንሽ ተርባይን ያዙሩ፤ ኃይሉን መንደሩ ራሱ ያስተዳድረው፤ የላንቴ መንደር ሙዝ፣ ነጋዴ በቆረጠለት ዋጋ እንደ ነገሩ ከሚጫን እዚያው ማቀዝቀዣ ያለው መጋዘን ይኑረው፤ ዲግሪያቸውን ይዘው የሥራ ማስታወቂያ ሲያነቡ የሚውሉት ወጣቶች እዚያ ይቀጠሩ። ‹‹የኃይል ሉዓላዊነት›› የምትለዋን አውጣት ብዬ ለመንኩት። ፊዚክስ መምህር መቼ ይለመናል!

ቅስቀሳውን ላንቴ ጀመረ፤ እኔም ተከተልኩት። ማንጎ ጥላ ሥር የተሰበሰበው ሰው በትዕግሥት አዳመጠው። ከራሳችን በላይ ወፍራሙ ሽቦ ወደማናውቀው አገር ያልፋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼው ነው። ደምሴ ሉዓላዊነት ላይ ሲደርስ አንዲት ጎልማሳ ሴት ከመሀል ተነሣች። ዘነበች ትባላለች፤ ሙዝ ታለማለች።

‹‹መምህር፣ ንግግርዎ ጥሩ ነው›› አለች። ‹‹እኛ ግን መብራት ነበረን። ትራንስፎርመሩን መብረቅ መታው፣ ወፍጮው ቆመ። ከዚያ ወዲህ በቆሎ ተሸክመን ሌላ ቀበሌ ነው የምንሄደው። ምራቴ ነፍሰ ጡር ሆና ስትሸከም ወድቃ እጇ ተሰበረ። ፅንሱን እግዜር አተረፈው። ማመልከቻ መጻፍ ይችላሉ?››

‹‹ስንመረጥ የመጀመሪያ ሥራችን...›› ብሎ ጀመረ ደምሴ።

‹‹ሲመረጡማ ገና ነው። እኔ የምለው ዛሬ ነው።››

 ደምሴ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ እስክሪብቶ ፈልጎ ነው። የአቋም መግለጫውን ገለበጠና ማመልከቻውን በጀርባው ላይ ጻፈው።

ማመልከቻ ደግሞ እንደ ሕፃን ነው፤ የወለደው ካልተከተለው ይጠፋል። ደምሴ ተከተለው። አንድ ቢሮ ‹‹ወደ እኛ አልተመራም›› ሲለው የሚመራውን ፍለጋ ሄደ፤ የሚመራው ስብሰባ ላይ ሲሆን ስብሰባው እስኪያልቅ ከላንቴ ሴቶች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ ዕጩዎች ከተማውን በፖስተር ሲያለብሱ የእሱ ፖስተር ቤቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ። የፓርቲው ሊቀመንበር ከአዲስ አበባ ደወሉለት፤ አጠገቡ ነበርኩ።

‹‹አቶ ደምሴ፣ ቅስቀሳው እንዴት ነው?››

‹‹ወረፋ ላይ ነኝ።››

ትራንስፎርመሩ ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መጣ። ሪባን የቆረጡት ሌሎች ናቸው፤ ንግግሩም የሌሎች ነው፤ የደምሴን ስም ያነሣ አልነበረም። እኔ በገንኩ። እሱ ግን ተናጋሪዎቹን አልሰማም፤ አንገቱን አቅንቶ ምሰሶው ላይ ያለውን ብረት ያያል። ወፍጮው ሲነሣ ሴቶቹ እልል አሉ። ክንዴን ጨበጠኝና ‹‹ዞረ እኮ!›› አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ተመረጠ፤ ሌላ ሰው። የላንቴው ምርጫ ጣቢያ ውጤት በር ላይ ሲለጠፍ የደምሴ ድምፅ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነበር፤ አውራ ጣት ሳይጨመር። ሴቻስ? አትጠይቁኝ። ካልጠየቃችሁ ደግሞ ራሴ ልናገር፤ ሰልፉን አየሁት፣ ፀሐዩን አየሁት፣ ኋላ እመለሳለሁ ብዬ ቤቴ ገብቼ ጋደም አልኩ። ስነቃ ምርጫ ጣቢያው ተዘግቷል። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ደምሴ ለቀናት ከቤት አልወጣም። ልጠይቀው ስሄድ ‹‹መሸነፌን አውቀው ነበር›› አለኝ። ‹‹የከፋኝ ላንቴ ነው።›› ይህን ብሎ ሳይጨርስ ዘነበች በትከሻዋ የሙዝ ዘለላ ተሸክማ ገባች። አስቀመጣት፣ የምራቷን ጤና ጠየቃት፤ በሰላም ተገላግላለች። መታገሥ ግን አልቻለም።

‹‹ዘነበች፣ ምን አጠፋሁ?››

ደነገጠች። ‹‹ኧረ ምን ያጠፋሉ መምህር! እኛ ሴቶቹ ወፍጮ ቤት ተመካከርን። ከተመረጡ ፓርላማ ብለው አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ሄዶ የተመለሰ አይተን አናውቅም። ታዲያ ወረፋውን ማን ይይዝልናል? እንዲቀሩልን ብለን ነው እንጂ።››

 ለደምሴ ፋታ አልሰጠችውም፤ የመስኖው ፓምፕ ናፍጣ ጨረሰን፣ መብራቱ ከመጣ አይቀር በመብራት ይሁንልን ብለን ተስማምተናል አለችው።

‹‹ይሄ እኮ ፕሮግራማችን ውስጥ አለ!›› ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ።

‹‹እሱን ተዉትና ማመልከቻ ይጻፉልን።››

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔ እቆጣ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ። እኔም አንድ ሙዝ ላጥኩ። ጣፋጭ ነበር፤ ምን ይደረጋል።