ትኩሳት የለኝም

(የሆስፒታል ክፍል። አልጋው ላይ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ተጋድሟል፤ ታናሽ እህቱ አንድ ኩላሊቷን ሰጥታው ንቅለ ተከላ ከተደረገለት ሳምንት አልፎታል። ወንበሩ ላይ የእህቱ ባል፣ የመጋዘን ዘበኛ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

መምህሩ፦ በስድስት ነው አልኩህ! ወሩ በገባ በስድስተኛው ቀን ነው ኩላሊቱ የገባልኝ።

ዘበኛው፦ በሰባት አይደለም እንዴ ጋሼ? ዝናብ ነበር... ወይስ ዝናቡ በማግሥቱ ነው? እንጃ፣ እኔም ተምታታብኝ።

መምህሩ፦ ዝናብ ቀን አይቆጥርም።

ዘበኛው፦ እርስዎ እኮ ያን ቀን በማደንዘዣ ተኝተው ነበር።

መምህሩ፦ ተኝቼም ከአንተ የተሻለ እቆጥራለሁ።

ዘበኛው፦ እሱስ ልክ ነው። እኔ ነቅቼ ነው የምሳሳተው። ዛሬ ጠዋት ግን ነርሷን ለምን መለሷት? ደም ልትወስድ ነበር የመጣችው አሉ።

መምህሩ፦ ደሜን ጨረሱታ! የጉድጓድ ውሃ መሰላቸው እንዴ በየቀኑ የሚቀዱት? (ቴርሞሜትሩን እንደ ጠመኔ ያነሳል) ይኸው፣ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። ትኩሳት የለኝም። ትኩሳት የሌለው ሰው ኢንፌክሽን የለውም። አለቀ።

ዘበኛው፦ አለቀ። ደሙ ውስጥ የሚፈልጉት ግን ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ፕሮካልሲቶኒን። እስቲ በል።

ዘበኛው፦ ይቅርብኝ ጋሼ፤ የቀረችኝ ጥርስ ጥቂት ናት።

መምህሩ፦ ሰውነት ጀርም ሲታገል የሚያመርተው ነገር ነው። ብዙ ካለህ ብርቱ ነህ ማለት ነው። (በማስመሪያ የተሰመረ ደብተር ይገልጣል) ውጤቴን እይ። በቀዶ ሕክምናው ማግሥት ሁለት። በአምስተኛው ቀን ሰንፌ ግማሽ። ትናንት ግን አራት! ስምንት እጥፍ! ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ የተሻሻለ ተማሪ አላየሁም።

ዘበኛው፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ሐኪሙ አጨበጨበልዎት?

መምህሩ፦ ግንባሩን ቋጠረ። ቅናት ነው።

ዘበኛው፦ ይሆናል። ሰው ክፉ ነው። እኔ አላዋቂ ነኝና ያስረዱኝ፤ መጀመሪያ ሁለት የሆነው ለምንድን ነው?

መምህሩ፦ ተቀድጄ ነዋ! ሰውነት ሲቆረጥ ይደነግጣል፣ ቁጥሩ ይወጣል።

ዘበኛው፦ ግማሽ የሆነውስ?

መምህሩ፦ ቁስሉ ሲጠግግ ድንጋጤው ወረደ።

ዘበኛው፦ ገባኝ። ትናንትስ ማን ቆረጠዎት?

መምህሩ፦ ማንም።

ዘበኛው፦ ታዲያ ምን አይቶ ደነገጠ?

መምህሩ፦ (ደብተሩን እያየ) ጥያቄህ ከትምህርቱ ውጭ ነው።

ዘበኛው፦ ይቅርታ። ጠዋትና ማታ የሚውጧት ክኒንስ የምን ናት?

መምህሩ፦ የሰውነቴን መከላከያ የምታስተኛ ናት። እሱ ካልተኛ፣ ባዕድ ገባ ብሎ የእህቴን ኩላሊት ይነክሰዋል።

ዘበኛው፦ እንደ ውሻ።

መምህሩ፦ እንደ ውሻ! ጎበዝ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ገባህ።

ዘበኛው፦ መጋዘናችን አንድ ውሻ ነበረን። ሌቦች የእንቅልፍ መድኃኒት ያለበት ሥጋ ጣሉለትና ጭጭ አለ። እኔም ውሻው ካልጮኸ ሌባ የለም ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ኋላ ስከፍተው መጋዘኑ ወና። ትኩሳት ግን ከየት ነው የሚመጣው ጋሼ?

መምህሩ፦ ከመከላከያው ነዋ። ሰውነት የሚግለው እሱ ሲቆጣ ነው። የተኛ መከላከያ ደግሞ... (ያቋርጣል)

ዘበኛው፦ ይቀጥሉ እንጂ፣ እየተማርኩ ነው።

መምህሩ፦ ...ሌባ ቢገባም ላይጮህ ይችላል። እንግዲህ ቴርሞሜትሩ ዝም ቢል... (ቴርሞሜትሩን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል) ደሙ ነው የሚናገረው። ቁጥሩ ከወረደ በኋላ ተመልሶ ከወጣ... አንተ! ኩላሊቱ!

ዘበኛው፦ አዎ። የሚስቴ ኩላሊት።

መምህሩ፦ ታዲያ ምን ተጎልተህ ታየኛለህ? ነርሷን ጥራ!

ዘበኛው፦ መርፌዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። አብረን ነው የመጣነው።

መምህሩ፦ ምን?

ዘበኛው፦ ሐኪሙ ሁሉንም አስረድቶኛል። ዛሬ ደም ካልሰጡ ሐኪሞቹ የትኛው ጀርም እንደገባ ሳያውቁ ሊያክሙዎት ነው። መጥቼ በቀጥታ ልንገርዎት ብል ሚስቴ ከለከለችኝ። «ወንድሜን ሰው አስተምሮት አያውቅም፤ እሱ የሚማረው ሲያስተምር ብቻ ነው። ሂድና ደንቁርለት» አለችኝ።

(ነርሷ ትገባለች። መምህሩ ሳይጠየቅ እጅጌውን ይሰበስባል። ዘበኛው ተነስቶ ኮፍያውን ያደርጋል።)

መምህሩ፦ እሷ ራሷ መጥታ አትነግረኝም ነበር?

ዘበኛው፦ የተቀደደው ጎኗ ገና ያማታል፣ ደረጃ አትወጣም። እርስዎም ስላልጠየቁ አልነገርንዎትም። በሉ ደኅና ዋሉ፣ ብቻዋን ናት።

መምህሩ፦ ቆይ እንጂ! በጣም ነው የሚያማት? አሁን... አሁን በመስጠቷ ትቆጭ ይሆን...

(በሩ ተዘግቷል። የዘበኛው ጫማ ደረጃውን ሲወርድ ይሰማል።)

መምህሩ፦ (ለነርሷ) ሄደ እንዴ? ጥያቄ ነበረኝ እኮ።