ማሽን ጥግ አያውቅም

ጡረታ ወጥቶ ከሥራ ቦታው የማይወጣ ሽማግሌ የሌለበት ወርክሾፕ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ጋራዥ ብትሄዱ አለ፣ ዳቦ ቤት ብትሄዱ አለ። የስንብት ኬኩን በልቶ፣ የተሸለመውን ሰዓት አስሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ይገኛል። የሚመጣው ሊያግዝ አይደለም፤ ሊታዘብ ነው።

የእኛ ታዛቢ ክቡር ባርባ ፋኑሪስ ይባላሉ። ባርባ እዚህ በወደብ ከተማችን በከራትሲኒ ሽማግሌ ሁሉ የሚጠራበት ነው፤ ክቡር የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ቡዙኪ የሚባለውን ጊታር መሰል የግሪክ የሙዚቃ መሣሪያ እንሠራለን። ሆዱንና አንገቱን የሚያስጌጡትን ወፍና አበባ ከዛጎል ቆርጠን እንጨቱ ውስጥ እንቀብራለን። ባርባ ፋኑሪስ ይህን ዛጎል እንደ ፀጉር በቀጠነች መጋዝ አርባ ስድስት ዓመት በእጃቸው ቆረጡ። አሁን የሚቆርጠው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ነው። አዛዡ ደግሞ እኔ ነኝ፤ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ትምህርት ትቼ ወለል ልጠርግ የገባሁት ዚኖቪያ። የመጀመሪያ ቀን እጄን አገላብጠው አይተው፣ «ይቺ ለሽንኩርት ትሆናለች» ነበር ያሉት።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ በራችን አርባ እርምጃ ነው። ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። የተገለበጠች የብርቱካን ሣጥናቸው ላይ ይቀመጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ከዚያ የሟች ባለቤታቸውን ማጉያ መነጽር ከኪሳቸው አውጥተው፣ «አምጪ» ይሉኛል። ትናንት የተቆረጠውን አመጣለሁ። መጀመሪያ አያዩትም፣ ዳር ዳሩን በጥፍራቸው ይዞሩታል። ጥፍራቸው የሆነ ቦታ ይቆማል።

«ማሽን ጥግ አያውቅም!»

ክፋቱ፣ እውነታቸውን ነው። የማሽኑ መቁረጫ ክብ ነው፣ እየተሽከረከረ ነው የሚሄደው። ሁለት ላባ በሚገናኝበት በውስጠኛው ጥግ፣ መጋዝ ቢሆን እንደ መርፌ ጫፍ በሚጨርሰው ቦታ ላይ፣ እሱ ክብ አድርጎ ይተወዋል። ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች ክብ። ስለዚህ ማሽኑ ሲጨርስ እያንዳንዱን ጥግ በቀጭን ሞረድ እኔ አሾለዋለሁ። አንዷ ክብ ብትቀር፣ ቡዙኪውን የሚጫወተው ሰው አያያትም፣ የሚሰማውም አያያትም። ባርባ ፋኑሪስ ያዩዋታል።

አንድ ጊዜ ከቮሎስ የመጣ ሙዚቀኛ ዋጋ እየጠየቀ ሳለ፣ ከሣጥናቸው ላይ ሆነው፣ «ግዛው ልጄ፣ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ስትጫወት ብቻ አንተም ራቅ ብለህ ቁም» አሉት። ሰውየው ስቆ ወጣ፤ አልተመለሰም። የወርክሾፑ ባለቤት ስታማቲስ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ይሄ ሽማግሌ ሱቄን ያዘጋኛል! ነገ እንዳላየው!»

በማግስቱ መጡ።

መጥፎው ነገር አቧራው ነው። ዛጎል በደረቁ ሲቆረጥ እንደ ዱቄት ይቦናል። በእሳቸው ዘመን አፉን የሸፈነ አልነበረም። እኔ ጭምብል ባደረግሁ ቁጥር፣ «የባንክ ዘራፊዋ መጣች፣ እጅ ወደ ላይ!» ይላሉ። አብረዋቸው ሥራ ከጀመሩት አራት ሰዎች ሦስቱ መቃብር ገብተዋል፤ ሦስቱም በሳንባ። የእሳቸውንም ሳንባ ሐኪሙ ግማሹ ድንጋይ ሆኗል ብሎ፣ ወርክሾፕ ዝር እንዳይሉ ከልክሏቸዋል።

«ታዲያ ለምን ቤት አይቀመጡም?» አልኳቸው።

«ቤት ምን አለ? ግድግዳ። ግድግዳው ደግሞ ጥጉ ልክ ነው። ምን ልበለው?»

መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ ማሽኑ ሥር የብረት ገንዳ አስበየድኩና ዛጎሉን ውኃ ውስጥ አስተኝቼ መቁረጥ ጀመርኩ፤ አቧራው አይነሣም። ስታማቲስ ሥራ አዘገየሽ ብሎ አጉረመረመ። እሳቸው ደግሞ፣ «ዛሬም ዓሣ እያጠብሽ ነው?» አሉ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ሁሉንም ጥግ አሾልና አንዷን እተዋታለሁ። አንዲት ክብ፣ አንድ ቅጠል ሥር ወይም አንድ ጭራ ላይ። ሲያገኟት ፊታቸው ላይ ደም ይመለሳል። «ይኸው! ይኸው!» ብለው ዳቧቸውንና ወይራቸውን ያወጣሉ። ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ እኛ ጋ ባልመጡበት ቀን እህል አይቀምሱም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ያቺን ጥግ አሾልና ዛጎሉን እንጨቱ ውስጥ አጣብቀዋለሁ።

የካቲት ላይ ሥራ በዛብን። ስጣደፍ ሁሉንም አሾልኩና መተዉን ረሳሁ። ባርባ ፋኑሪስ አንድ ሰዓት ሙሉ አገላበጡ። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው እንደገና አዩ። ከዚያ ዛጎሉን ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አስቀመጡት።

«ደህና ነው» አሉ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ ሣጥኗ ባዶ ነበረች። በሦስተኛውም ቀን። ስታማቲስ «ተገላገልን» አለ፤ ሣጥኗን ግን አላነሣትም።

በአምስተኛው ቀን አንዲት የዛጎል ወፍ በመሐረብ ጠቅልዬ ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው በሩን ከፍታ፣ «ሾርባ እንኳ እምቢ ብለዋል። ሐኪሙ ለፋሲካ አይደርሱም ነው የሚለው» አለችኝ። ባርባ ፋኑሪስ አልጋቸው ላይ ናቸው፤ አፍንጫቸው ውስጥ ቱቦ ተሰክቶ፣ የኦክስጅኑ ማሽን አጠገባቸው ይጮኻል። በአገጫቸው ጠቆሙት።

«ይሄንንም አንቺ ነሽ የምታዢው?»

«እኔ ብሆን ውኃ ውስጥ እከተው ነበር።»

«ምን ይዘሻል?»

«ወፍ።»

«አምጪ።»

መነጽሩን መያዝ አልቻሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው በጥፍራቸው ዞሯት። ጭራዋ ሥር ቆሙ።

«ይኸው።»

«ወይ ጉዴ፣ አላየሁትም።»

«ዓይንሽ ደክሟል።»

ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልለቀቁም። ጥፍራቸው ቀጠለ፤ ሆዷን አለፈ፣ ክንፏ ሥር ገባ። እንደገና ቆመ።

«እዚህም» አሉ። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመችው ልጃቸው ዞረው፦ «አንቺ! ያ ሾርባ ቀዘቀዘ እንዴ?»

ወፏን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኳት። እውነታቸውን ነበር። የጭራዋን እኔ ነኝ የተውኩት። የክንፏን ግን ሆን ብዬ አልተውኩትም፤ አምልጦኝ ነበር።